ስለ ድብልቅ ቡና አቀማመስ



አዘጋጆቹ «ከንግድ ልምድህ አንድ ነገር አካፍለን» ስላሉኝ ስለ ድብልቅ ቡና ጥቂት እናገራለሁ። ሱቄ ጦርነቱ እስከ ተጀመረበት እስከ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ድረስ ካርቱም፣ ዴም ውስጥ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥን በሕግ ከከለከለች በኋላ ክርስትናውም፣ ሰርጉም፣ ለቅሶውም ያለ ቡና አይሆንምና ደንበኛ አልጠፋም።

ቡና መደባለቅ ነውር አይደለም። የታጠበ ይርጋ ጨፌ የአበባና የሎሚ ጠረን አለው፤ ግን ቀጠን ይላል። ሐረር ከነፍሬው ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ወፈር ብሎ የፍራፍሬ ጣዕም ይሰጣል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ነውሩ መደበቁ ነው። አሜሪካኖች እንኳ «ድብልቅ በርበን» ተብሎ በሚሸጥ ውስኪ ውስጥ ቢያንስ 51 በመቶው ያልተደባለቀ በርበን እንዲሆን በሕግ ደንግገዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን ቡና ተወደደና በአዲሱ ላይ የከረመ ቡና ጨምሬ፣ አጥቁሬ ቆልቼ በአንድ ዋጋ ሸጥኩ። በማግስቱ አንዲት እናት ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ አቦሉ ደህና ነበር፤ ቶናው ግን ጆንያ ጆንያ አለኝ» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኑን ከምኑ እንደ ደባለቅሁ በከረጢቱ ላይ ስጽፍ ኖርኩ።

ስለዚህ ስትገዙ ጥሬውን እፍኝ አድርጋችሁ አሽትቱት፤ ሻጋታ ወይም ጆንያ ከሸተተ ተዉት። የፍሬው መጠን ከተለያየ እኩል አይቆላምና ለየብቻ ቆልታችሁ ደባልቁ። አታሳርሩት፤ ማሳረር ጉድለትን ይሸፍናል። የመጀመሪያውን ስኒ ያለ ስኳርና ያለ ዝንጅብል ቅመሱ። ሙያተኛ ቀማሾች ከማንኪያ ላይ ድምፅ እያሰሙ የሚምጉት ጠረኑ ከአየር ጋር ወደ አፍንጫ እንዲወጣ ነው፤ እናንተም ሞክሩት። ከዚያ በረድ ሲል ድገሙት። ትኩሳቱ የደበቀው ያን ጊዜ ይታወቃል።

ልጆቻችሁንም ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ጭሱን ያሽትቱ፣ ልዩነቱን ይልመዱ። የእኚያ እናት ምላስ ባይለይ ኖሮ እኔ አታላይ ሆኜ በቀረሁ ነበር።