ለጊዜያዊ መጠለያ የሚዘረጋ ኤሌክትሪክና የተቆላፊ ሶኬቶች አጠቃቀም
(ለሰሜን ሸዋ የእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ድርቅና መፈናቀል በደረሰበት ስፍራ ሁሉ በቅድሚያ እህል፣ ውኃና መጠለያ መታሰቡ የተገባ ነው። ይሁንና ውኃውን የሚስበው ፓምፕ፣ ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቆ የሚያቆየው ማቀዝቀዣና አዋላጅ ነርሷ በሌሊት የምትሠራበት መብራት ኃይል የሚያገኙት በሜዳ ላይ በተዘረጋ ኬብል ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ኬብሉ ከጄኔሬተሩ ጋር ስለሚገናኝበት ሶኬት ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችን ቻይና ካምፕና ወይንሸት በተባሉ መጠለያዎች ተቀብላ አስተናግዳለች። በ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ከወሎ ከሄዱት ቤተሰቦች የተወለዱም ይገኙባቸዋል። ከተማዪቱ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳም ስትሆን፣ የአንኮበር ተራራም ጉም ያዘወትረዋል። በእንዲህ ያለ አገር በክረምት ለቤት የተሠራ ሶኬት ጭቃ ላይ ሲጣል ውኃ ይገባበታል፤ ሰው ወይም የጭነት አህያ ኬብሉን በጎተተው ቁጥርም ይነቀላል።

ተቆላፊ ሶኬት የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው። የአሜሪካው ዓይነት ተጠምዝዞ ይቆለፋል። በአውሮፓ የተለመደው ክብ ሲሆን ክዳኑ ፕላጉን ይዞ ያስቀረዋል፤ በቀለምም ይለያል፦ ቢጫው ለ110፣ ሰማያዊው ለ230፣ ቀዩ ለ400 ቮልት ነው። የምድር ሽቦው እግር ቦታ እንደ ቮልቴጁ ስለሚለያይ የአንዱ ፕላግ በሌላው ሶኬት አይገባም።

ከቤት ሶኬት የተለየ መሆኑም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ለክትባት ማቀዝቀዣ በተመደበው መስመር ላይ ማንም ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊሰካበት አይችልም። ነገር ግን ተፈናቃዩ ስልኩን የሚሞላበት ሌላ መስመር ካላዘጋጀንለት ቁልፉ መሰበሩ አይቀርም። ከዘመዱ የተለያየ ሰው ስልክ ሲፈልግ እንደ ጥፋት ሊቆጠርበት አይገባም።

አደጋው የሚመጣው የሶኬቱ ልዩነት ታስቦበት ሳይሆን በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን ነው። ጄኔሬተሩ ከአንድ ለጋሽ፣ ፓምፑ ከሌላ ይመጣል፤ ፕላጉ አልገጥም ሲል ጫፉ ይቆረጥና ባዶው ሽቦ ይሰካል። ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው የምድር ሽቦው ነው፤ ሽቦው ከውስጥ ቢላጥ የፓምፑን አካል የነካ ሰው በኤሌክትሪክ ይመታል። በተጨማሪም የአሜሪካ ዕቃ ለ120 ወይም ለ240 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። አስማሚ ቅርጽን እንጂ ቮልቴጅን አይለውጥም፤ 125 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ሶኬትም 220 ሊጫንበት አይገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። በዞኑ ውስጥ ለሜዳ ሥራ አንድ ዓይነት፣ ይኸውም ሰማያዊው ተቆላፊ ሶኬት ይመረጥ። በእርዳታ የመጣ ጄኔሬተር ሁሉ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይመርመር፤ አስማሚውና መለዋወጫው አብረውት ይጫኑ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚያቋርጥ መከላከያ ይደረግ፤ የምድር ሽቦውም በእርግጥ መሬት መግባቱ ይረጋገጥ። ፕላጉ ከመነቀሉ በፊትም ኃይሉ ይጥፋ።

ከሞት አምልጦ መጠለያችን የደረሰ ሰው በእኛ ሽቦ እንዳይሞት መጠበቅ እንደ እህሉ ማከፋፈል ሁሉ የእርዳታው ሥራ አካል ነው።