የመከር ጎጆን የዓመት መኖሪያ ስለ ማድረግ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ)



ባለፈው ታኅሣሥ በሌሊት ተጠርተን ወደ ቶጎና ወንዝ ዳር መሮጣችንን ታስታውሳላችሁ። አባላችንና ባለቤታቸው የጎባ ቤት ኪራይ ቢከብዳቸው እርሻቸው ላይ ወዳለችው የመከር ጎጆ ገብተው ነበር። ውርጩ ሲጸና ቀዳዳውን ሁሉ በጆንያ ጠቅጥቀው፣ በሩን ዘግተው፣ የከሰል ማንደጃውን አልጋቸው አጠገብ አድርገው ተኙ። ልጃቸው ባይደርስ ኖሮ ድንኳን ተክለን ነበር። ፈጣሪ አተረፋቸው። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ካመመ፣ ካቅለሸለሸ፣ በር ከፍቶ መውጣት ነው እንጂ «ትንሽ ልጋደም» አይባልም።

እኛም በማግሥቱ ጎጆዋን አየናት። ጎጆዋ ምን አጠፋች? የተሠራችው አዝመራ እስኪሰበሰብ ከርከሮ ለሚጠብቅ ሰው ማደሪያ ነው። አንዴ ብቻ ተመርጋለች፤ ወለሏም ከደጁ እኩል ነው። አገራችን ደግሞ ደጋ ነው፤ ጎባ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ዝናቡም ጋናና ቦና እየተባለ ሁለቴ የሚታረስበት ስለሆነ ግድግዳ የሚደርቅበት ጊዜ ትንሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን ነው። በላይ በኩል ቦይ ይቆፈር፤ ወለሉ በድንጋይና በጠጠር ከፍ ይበል። ይህ ሳይሆን ግድግዳ መለሰን ጭቃ ማባከን ነው። ከዚያ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይደር፣ እንደገና በእግር ይረገጥ። የፊተኛው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጠቅ ሁለተኛው አይደረብ። ባለፈው ዓመት የእድሩን ዕቃ ቤት ስንሠራ ቸኩለን ግድግዳው እንደ ቂጣ መላጡን አንርሳ፤ ጥፋቱ የኛ የኮሚቴዎቹ ነበር። የመጨረሻው ልስን እበት ይግባበት።

ክዳኑን በቆርቆሮ እንለውጥ ያላችሁ አላችሁ። ቆርቆሮ ኮርኒስ ከሌለው ብርዱ ይብሳል፤ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሣሩ የበሰበሰው ዓመቱን ሙሉ እሳት ስላላገኘ ነው። የበሰበሰውን ብቻ እንተካ። ምግብ ማብሰያዋ ግን ለብቻዋ በጎን ትቀጠል፤ እናታችን ዓይናቸው በጭስ ተጎድቷል። ፀሐይ በሚወጣበት በኩል መስኮት፣ ከክዳኑ ሥርም የጭስ መውጫ ይተው፤ ማንም በጆንያ እንዳይደፍነው።

እንጨቱ ከየጓሯችን ባሕር ዛፍ ይሁን። ከተራራው አስታ እንቁረጥ የሚለውን አልተቀበልንም፤ ፓርኩ የተጠበቀ ነው፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

«እድር ለቀብር ነው እንጂ ለቤት አይደለም» ብለው የተቃወሙም ነበሩ። አከበርናቸው፣ ነገር ግን በድምፅ ተሸነፉ። ሥራው ጥር ላይ፣ ቦናው ታጭዶ ካለቀ በኋላ፣ በደቦ ነው። ጭድ ያለው ጭዱን፣ አህያ ያለው አህያውን እስከ መጪው ስብሰባ ለገንዘብ ያዣችን ያስመዝግብ። ማንደጃውን እኛ ዘንድ አስቀምጠነዋል፤ መስኮቱ ሲያልቅ እንመልስላቸዋለን።