ሳያም የሚያድግ እብጠት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ጡት ካንሰር ምርምርና ሕክምና የቀረበ ንግግር)



ጋፋት ሲባል ለብዙው ሰው ቀድሞ የሚታወሰው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ጎዳናው እየተጠረገ፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሊያነቃንቀው አይችልም። የዛሬው ንግግርም የሚያነሣው አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን ሸክም ነው፤ እርሱም የጡት ካንሰር ነው።

በእንዲህ ያለ በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነገሩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የቤቱ እናት ስትታመም የሚታረሰው መሬት ይከራያል፣ በሬው ይሸጣል፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ። ከዚህ አንጻር የእናቶች ጤና የማኅበሩም ጉዳይ ነው። የጡት ካንሰር ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

አንዳንዶች በሽታውን የሀብታም አገር በሽታ አድርገው ይቆጥሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መረጃ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በከፍተኛ ደረጃ በበለጸጉት አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ በበሽታው ትያዛለች፤ የምትሞትበት ግን ከ71 አንዷ ናት። ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ባሉት አገሮች የምትያዘው ከ27 አንዷ ስትሆን የምትሞተው ከ48 አንዷ ናት። በሌላ አነጋገር በድሃው አገር የሚያዘው ጥቂት፣ ከተያዘው የሚሞተው ግን ብዙ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዘግይቶ ወደ ሕክምና መሄድና የተጀመረውን ሕክምና አለመጨረስ ነው።

ለምን ይዘገያል? አንዲት እናት ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር እብጠት ዳሰሰች እንበል። እብጠቷ አታምም። ለጎረቤቷ ብትነግራት "ካላመመሽ ምን አስጨነቀሽ?" ትላታለች። አጨዳው ይደርሳል፣ ውቂያው ይከተላል፣ ተዝካሩም ሠርጉም አለ። በሚቀጥለው ክረምት እብጠቷ የዶሮ እንቁላል አክላለች፤ ቆዳው ተሸብሽቧል፣ ብብቷ ሥርም ሌላ እብጠት ወጥቷል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጡት ካንሰር ትልቁ ተንኮል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሕመምን የሚጠብቅ ሰው በሽታው ሥር እስኪሰድ ይጠብቃል ማለት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

የዚህ በሽታ ምርምር ከገበሬ ዕውቀት ጋር የሚገናኝ ታሪክ አለው። ጆርጅ ቢትሰን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም በወጣትነቱ በበግ እርባታ አካባቢ ይኖር ስለነበረ ስለ ወተት አመጣጥ ያጠና ነበር። በአንዳንድ አገሮች ገበሬዎች ላም ከወለደች በኋላ የእንቁላል ማመንጫዋን በማውጣት ወተቷ እንዳይነጥፍ እንደሚያደርጉም ተረዳ። ከዚህ በመነሣት የእንቁላል ማመንጫውና ጡት የተያያዙ መሆናቸውን አሰበ። ካንሰሩ በተስፋፋባት አንዲት ሴት ላይ ይህንኑ ቀዶ ጥገና ሲያደርግ እብጠቱ ለጊዜው ጠፋ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ማለትም የዓድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. ነው።

ቆይቶ እንደታወቀው ከእንቁላል ማመንጫው የሚወጣው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ለአንዳንድ የጡት ካንሰር ዓይነቶች እንደ ማዳበሪያ ያገለግላል። ይህን ማዳበሪያ ያለ ቀዶ ጥገና መከልከል የሚችል መድኃኒት የተገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይ.ሲ.አይ. በተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የምትሠራ ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች የኬሚስትሪ ባለሙያ ታሞክሲፈን የተባለውን ንጥረ ነገር ሠራች። የታሰበው ለእርግዝና መከላከያ ነበር፤ ለዚያ ግን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን በእንግሊዝ አገር ለጡት ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ታሞክሲፈን በካንሰሩ ሴል ላይ ሆርሞኑ የሚገባበትን በር እንደ ቁልፍ ሆኖ ይይዘዋል፤ ነገር ግን በቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ በሩን አይከፍተውም፣ ሌላም አያስገባም።

ሆርሞን በሚቀበለው የካንሰር ዓይነት የተያዙ ሴቶች ይህን ክኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት ሲወስዱ በሽታው የሚመለስበት ዕድል በግማሽ ገደማ፣ በበሽታው የመሞት ዕድል ደግሞ በሢሶ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ ለ10 ዓመት መውሰድ ከ5 ዓመት የበለጠ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ክኒኑ ከሌሎች የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ማቀዝቀዣም መርፌም አይፈልግም፤ ቤት ተቀምጦ የሚዋጥ ነው።

ነገር ግን ሁሉም የጡት ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። ዩኒየኑ ይህን ነገር በማዳበሪያ ያውቀዋል። ቀደም ሲል ዳፕና ዩሪያ ለአገሩ መሬት ሁሉ በአንድ መጠን ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር ጥናት አፈሩ ሲመረመር ግን በብዙ ቦታ ድኝና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የጎደሉ መሆናቸው ታወቀ፤ ዳፕም በኤን.ፒ.ኤስ. ተተካ። የካንሰር ሕክምናም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በመጀመሪያ ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል፣ በላቦራቶሪ ይመረመራል፣ ከዚያ በኋላ ለዚያ ዓይነት የሚስማማው መድኃኒት ይታዘዛል። ሆርሞን ለሚቀበለው ታሞክሲፈንና መሰሎቹ፤ ሆርሞን ለማይቀበለው በደም ሥር የሚሰጠው ኬሞቴራፒ፤ ኸር-ቱ የተባለው ፕሮቲን ለበዛበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ አለ። ትራስቱዙማብ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳዩንና ረከስ ያለውን ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ነው።

ቀዶ ጥገናውም ተሻሽሏል። በአሜሪካና በጣሊያን ለ20 ዓመታት የተከታተሉ፣ ውጤታቸውም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናቶች እንዳሳዩት በጊዜ የተገኘን እብጠት ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ሙሉ ጡቱን ከማውጣት ጋር እኩል ዕድሜ ይሰጣል። ሆኖም ጨረሩ የግድ ያስፈልጋል። ጨረር በቅርብ በማይገኝበት ስፍራ ሐኪም ጡቱ በሙሉ እንዲወጣ ቢመክር የተሳሳተ ምክር አይደለም።

የአገራችን ሴቶች ካንሰር የትኛው ዓይነት ነው? ቀድሞ ከምዕራብ አፍሪካና ከጥቁር አሜሪካውያን በተገኘ መረጃ መነሻ የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን የማይቀበለው ነው ይባል ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 352 ሴቶችን መረጃ የያዘና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን 65 በመቶ ያህሉ ሆርሞን የሚቀበለው ዓይነት እንደነበረባቸው አሳየ። ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ ቤተሰብ ትልቅ ዜና ነው። ከሦስት ሴቶች ሁለቱን ያህል የሚረዳው መድኃኒት ርካሹ፣ ቤት የሚዋጠው ክኒን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የጤንነት ስሜት ሲሰማ ክኒኑ ይቋረጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ይቋረጣል፤ ገንዘብ ሲያጥርም እንዲሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ለዚህ መፍትሔ ፈትኗል። ነርሶች ስለ ጡት ካንሰር ሠልጥነው ታካሚዎቹን እንዲያስተምሩና ቀጠሮ ሲያልፍ እንዲያስታውሱ ተደረገ። ነርስ የተመደበላቸው ሴቶች ካልተመደበላቸው ይልቅ ክኒኑን ሳያቋርጡ ቀጥለዋል። ውጤቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን የሚያስታውስ ሰው ነው።

በጊዜ መገኘቱም እንዲሁ በሰው እጅ ሊሠራ ይችላል። በሕንድ ሙምባይ ከተማ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች የተካተቱበትና 20 ዓመት የፈጀ ጥናት ነበር። መጠነኛ ሥልጠና ያገኙ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶችን ጡት በእጃቸው እየዳሰሱ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው በሽታው ሥር ሳይሰድ ተገኝቷል፤ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይም ሞት ወደ 30 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ በታች ባሉት ላይ የሞት መቀነሱ ግልጽ አልነበረም። በኢትዮጵያ ከ50 ዓመት በታች ያሉ ታካሚዎች ብዙ ስለሆኑ ወጣት እናቶች በራሳቸው ላይ ለውጥ ሲያዩ ቶሎ መናገራቸው እጅግ አስፈላጊ ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፤ የአንዱ ጡት ቅርጽ ወይም መጠን መለወጥ፤ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ወይም መሰርጎድ፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤ ከጫፉ ደም መውጣት፤ የማይድን ቁስል። የምታጠባ እናት ላይ የሚታይ እብጠትም "ወተት ቋጥሮ ነው" ተብሎ ብቻ መተው የለበትም፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ካልጠፋ መታየት አለበት። አብዛኞቹ እብጠቶች ካንሰር አይደሉም፤ ይህን መለየት የሚችለው ግን ምርመራ ነው። በሽታው አልፎ አልፎ በወንዶችም ላይ ይከሰታል።

"ቢላ ከነካው ይዛመታል" የሚለው ወሬ ብዙ እናቶችን ጎድቷል። የሚዛመተው በቢላው ምክንያት ሳይሆን ከቢላው በፊት በባከነው ጊዜ ነው። ጸበል የምትጠመቅ እናትም እምነቷን ሳትተው ምርመራዋን ልታደርግ፣ ክኒኗንም ልትውጥ ትችላለች። ክኒኑን የምትወስድ እናት ነፍሰ ጡር መሆን እንደሌለባት፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ካየችም ለሐኪም መንገር እንዳለባት ማወቅ ይገባታል።

መንገዱ የሚጀምረው ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ደብረ ታቦር ሆስፒታል። ኬሞቴራፒ በጎንደርና በባሕር ዳር ይሰጣል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረር ተጨምረዋል። ለጨረር አዲስ አበባ መሄድ ግድ ሲሆን ማረፊያ ላጡ ታካሚዎች በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ድጋፍ ይሰጣል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዱ የዚሁ ዞን የፎገራ ወረዳ ነበር። የመድን ደብተር የሚሠራው የሪፈር ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ስለሆነ ደብተሩ በወቅቱ መታደስ፣ ጤና ጣቢያውም መዘለል የለበትም።

የተከበራችሁ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፤

የዓለም ጤና ድርጅት ለአገሮች ያስቀመጠው ግብ ሦስት ቁጥር አለው። ከሚገኙት ታማሚዎች 60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ገና በጊዜ እንዲገኙ፤ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ፤ 80 በመቶ የሚሆኑት ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ሐኪም ብቻውን አይሞላቸውም።

ከ7ቱ ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ መርሆዎች ሰባተኛው ለማኅበረሰብ ማሰብ ነው። በመሆኑም ማኅበራት በየጠቅላላ ጉባኤያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስለዚህ በሽታ የምትናገርበት ጊዜ ቢመድቡ፤ ሴት አባላት ለብቻቸው የሚነጋገሩበትን ስብሰባ ቢያዘጋጁ፤ ማዳበሪያ አራግፎ ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና ሪፈር የያዘችን እናት ከአስታማሚዋ ጋር ቢያደርስ፤ የጤና ጽሕፈት ቤቶችም ታሞክሲፈን ለታካሚዎች የሚቀርብበትንና ለበርካታ ወራት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበትን መንገድ ቢያመቻቹ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ፣ የሚያተርፈው ሕይወት ብዙ ነው። አባወራዎችም "አላመመሽም" ከማለት ይልቅ "ነገ አብረን እንሂድ" ቢሉ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

አባቶች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ። ድሮ መድኃኒቱ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ተገኝቷል። የቀረው ከደጅ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ ነው። ጋፋት ደግሞ ከባድ ሸክም በብዙ እጅ ተስቦ ሩቅ ስፍራ እንደሚደርስ የታየበት አገር ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!