ለንግድ ጽሑፍ ሐሳብ ከወዴት ይገኛል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የንግድ ጽሑፍን የሚመለከት ነው። ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የምንጽፈው ግጥም ወይም ልብ ወለድ ስላልሆነ «ሐሳብ አጣሁ» ብለን ስናማርር ሰሚው ይስቅብናል። ለዕቃ መግለጫና ለገዢ ለሚላክ ደብዳቤ ደግሞ ምን ሐሳብ ያስፈልገዋል? ይባላል። እኔም ለረዥም ጊዜ እንደዚሁ እገምት ስለ ነበር፣ ከዚህ ግምት እንዴት እንደ ወጣሁ ብነግራችሁ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡና ወደ ውጭ አገር በሚልክ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ስለ ይርጋ ጨፌ የታጠበ ቡና ለአንድ የአውሮፓ ገዢ የሚላክ ሁለት ገጽ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ፤ ከቢሮዬም ሳልወጣ በአንድ ቀን ጨረስሁት። «ወደር የሌለው»፣ «ዓለም ያደነቀው» የሚሉ ቃላት በብዛት ነበሩበት፤ እውነቱን ለመናገር ኰርቼበትም ነበር። ገዢው በሳምንቱ የመለሰልን አራት ጥያቄ ብቻ ነው። ቡናው የበቀለው ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው? በገንዳ ውስጥ ስንት ሰዓት ቈየ? በአልጋ ላይ ስንት ቀን ደረቀ? እርጥበቱስ ስንት ነው? በሁለቱ ገጽ ውስጥ ለአንዱም ጥያቄ መልስ አልነበረም። መልሱን አሰባስበን እስክንልክ ድረስ ገዢው ከሌላ ላኪ ጋር ተዋውሎ ነበር።

ለእኔ የሚከራከርልኝ ሰው አይጠፋም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አብዛኛው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደ መጣ ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አሠራሩ ከተሻሻለ በኋላ ግን መነሻውን መከታተል ስለ ተቻለ ይህ ምክንያት እኔን አያድነኝም። ጣቢያውን በስም አውቀው ነበር፤ ሄጄ አላየሁትም እንጂ።

በሚቀጥለው የለቀማ ወቅት፣ በኅዳር ወር፣ ወደ ጌዴኦ ወረድሁና ሁለት ቀን ከጣቢያው ዋልሁ። እሸቱ ከገበሬው እጅ ሲመዘን፣ ቀዩ ካልበሰለው ሲለይ፣ ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ተብላልቶ በቦይ ሲታጠብ ተመለከትሁ። ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ አንዲት እናት ፀሐዩ በጠነከረበት ሰዓት ቡናውን በጨርቅ ሲሸፍኑ አየሁና ነገሩ ግራ ገባኝ። «እናቴ፣ ለማድረቅ ካሰጡት በኋላ ስለ ምን ይሸፍኑታል?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የቀትር ፀሐይ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፤ የሌሊት ጤዛ ደግሞ የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ እናለብሰዋለን» አሉኝ።

«እናለብሰዋለን» የሚለውን ቃል እኔ በቢሮዬ ተቀምጬ ዓመት ባስብ አላገኘውም ነበር። ዛሬ ቅጽል መደርደርን ማሽንም ችሎታል፤ እኒያ እናት የሚያውቁትን ግን ሄዶ ያልጠየቀ አያገኘውም። ሁሉም ሰው ጌዴኦ ድረስ ይውረድ ማለቴ አይደለም። የየመሥሪያ ቤታችን የቅሬታ መዝገብና ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ በቅርብ አሉ፤ ደንበኛው ደጋግሞ የሚጠይቀው ነገር ጽሑፋችን ያልመለሰው ነገር ነው።

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ልበል። በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ስለሆንን ነገርን መሸፈን እንወድዳለን፤ በቅኔ ማኅሌት ያስመሰግናል፣ በደረሰኝና በውል ላይ ግን ያካስሳል። «ስለ ዕቃው መዘግየት አስፈላጊው ክትትል እየተደረገ መሆኑን እንገልጻለን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንቶቻችን ፈርመንበታል? ተከታታዩ ማን ነው? ዕቃውስ መቼ ይመጣል? «ዕቃዎ በጉምሩክ ፍተሻ ዘግይቷል፤ ኀሙስ ይደርሳል» ቢባል ደንበኛው ቢቈጣ እንኳ መጋዘኑን ያዘጋጃል። ለውጭ አገር ሰው ሲጻፍ ደግሞ የቀን አቈጣጠሩ ይገለጽ፤ የእኛ ታኅሣሥ 10 ከእነርሱ ዲሴምበር 10 በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን ይዘገያል፣ የእኛ ሦስት ሰዓትም የእነርሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት የመርከብ ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው አውቃለሁ።

ወደ ቡናው ልመለስና ላብቃ። አዲሱ ጽሑፌ ከአንድ ገጽ አልበለጠም። የጀመርሁትም «ይህ ቡና በቀትርና በሌሊት እየተሸፈነ 12 ቀን በአልጋ ላይ ደርቋል» ብዬ ነው። ከመላኬ በፊት ወደ ጣቢያው ስልክ ደውዬ ለእኒያ እናት እንዲያስተረጕሙልኝ ለመንሁ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «የኋለኛው ክፍል ሦስት ቀን ዝናብ አግኝቶት ነበር፤ እሱ የደረቀው በ15 ቀን ነው» አሉ። አርሜ ላክሁት።