ከፓይተን 2 ወደ 3፦ መሻገሩ ያዋጣ ነበር?

እሷ፦ ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ በ2015 ሊቆም ታስቦ ነበር፤ ብዙ ድርጅቶች ስላልደረሱ ግን ቀነ ገደቡ ወደ 2020 ተገፋ።

እሱ፦ ቢዘገዩ አይፈረድባቸውም! አዲሱ ቨርዥን ከአሮጌው ኮድ ጋር ሆን ተብሎ እንዲለያይ ነው የተሠራው። 5 ለ2 ሲካፈል በድሮው ውጤቱ 2 ነው፣ በአዲሱ 2.5። ፕሮግራሙ ስህተት አለ አይልም፤ ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር ያወጣል። የደመወዝ ስሌት ውስጥ ቢሆን አስቡት።

እሷ፦ በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ግን ጥቅሙ ግልጽ ነው። በዩቲኤፍ-8 የተጻፈው «ሰላም» በፓይተን 2 ርዝመቱ ሲጠየቅ 9 ይላል፤ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ እያንዳንዱ ፊደልም 3 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያውን ፊደል አምጣ ቢሉት የማይነበብ ቁራጭ ይሰጣል። ፓይተን 3 ጽሑፍን በዩኒኮድ ስለሚይዝ መልሱ 3 ነው፣ ቁራጩም «ሰ»።

እሱ፦ በድሮውም እኮ ከቃሉ ፊት ምልክት ተጨምሮ ይሠራ ነበር።

እሷ፦ ይሠራ ነበር። ምልክቱ አንድ ቦታ ከተረሳ ግን ችግሩ የሚታወቀው ደንበኛው ስሙን በአማርኛ ያስገባ ዕለት ነው። ይህ ብቻውን የሽግግሩን ድካም ይክሳል።

እሱ፦ ፍጥነቱስ?

እሷ፦ እሱ ዘግይቶ መጣ። በ2022 የወጣው 3.11 ከ3.10 በአማካይ 25 በመቶ ገደማ ይፈጥናል።

እሱ፦ እንግዲያው የሚቀረው አካሄዱ ነው። ኢንስታግራም በ2017 ሽግግሩን ሲጨርስ አገልግሎቱን አላቋረጠም፤ ኮዱን ቀስ በቀስ በሁለቱም ቨርዥኖች እንዲሠራ አድርጎ ነው የተሻገረው።