በእስፓኝ ቋንቋ የኬሚስትሪን ቃላት ስለ መማር
(የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ያሰሙት ንግግር)



«በእንግሊዝኛ የተማራችሁትን ኬሚስትሪ እንደ ገና በእስፓኝ ቋንቋ ማጥናት ምን ይጠቅማል?» ብለው የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። ጊዜው የእኛ ቢሆንም ወጪው የወላጆቻችን ነውና መልስ መስጠት ይገባናል።

በመጀመሪያ፥ ሥራው ከሩቅ ሲያዩት እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። እኛ ኦክሲጅን፥ ሃይድሮጅን፥ ናይትሮጅን የምንላቸውን እስፓኞች ኦክሲኼኖ፥ ኢድሮኼኖ፥ ኒትሮኼኖ ይሏቸዋል። መድረሻውን ያወቀ ሰው ሦስቱንም ዐወቀ ማለት ነው። የጨዎችም ስም ሥርዓት አለው፤ «ክሎሩሮ» ኦክሲጅን የሌለበት፥ «ሱልፋቶ» ኦክሲጅን ያለበት ጨው ነው። የገበታችን ጨው «ክሎሩሮ ደ ሶድዮ» ይባላል።

የሚያስቸግሩት ጥንታውያን ስሞች ናቸው። ብረት «ዬሮ»፥ መዳብ «ኮብሬ»፥ እርሳስ «ፕሎሞ»፥ ድኝ «አሱፍሬ»፥ ባዜቃ በቀድሞ ስሙ «አሶጌ» ይባላል። እነዚህን በቃል ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ሆኖም ቃል ታሪክ ይናገራል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ711 እስከ 1492 ድረስ በእስፓኝ ምድር የእስላም መንግሥታት ስለ ነበሩ፥ ብዙ የዐረብኛ ቃላት በዚያ ቀርተዋል። «አሶጌ» ከእነዚህ አንዱ ነው። «አልኮል»ም የወጣው «አል ኩሕል» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ ይኸውም እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል ነው። እንግዳ የመሰለን ቃል በቤታችን ዘመድ ተገኘለት! ብርንም «ፕላታ» ይሉታል፤ በደቡብ አሜሪካ ሕዝብ አነጋገር ፕላታ ገንዘብም ነው፤ እኛም ማዕድኑንና ገንዘቡን በአንድ ስም ብር እንላለን። ፕላቲነም ስሙን ያገኘው «ፕላቲና»፥ ማለት «ትንሽ ብር» ከሚለው ቃል ነው።

ስም ግን በቀላሉ አይጸናም። በ1801 አንድሬስ ማኑኤል ዴል ሪዮ የተባለ እስፓኛዊ ሊቅ በሜክሲኮ ከእርሳስ ማዕድን ውስጥ አዲስ ንጥረ ነገር አግኝቶ «ኤሪትሮኒዮ» አለው። በፓሪስ የመረመረው ኬሚስት «ይህ ክሮሚየም ነው» ስላለ፥ ዴል ሪዮ ራሱ ግኝቱን ተወ። በ1830 የስዊድኑ ሴፍስትሮም ያንኑ ንጥረ ነገር አግኝቶ ቫናዲየም ብሎ ሰየመው፤ ዓለምም የሚጠራው በዚህ ስም ነው።

በአገራችንም ይህ ቋንቋ ባዕድ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ኩባ የተላኩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሳይንስን በእስፓኝ ቋንቋ ተምረዋል፤ ከእነርሱም ሐኪሞችና መሐንዲሶች ወጥተዋል።

እንግዲህ ያገኘነው ጥቅም ይህ ነው። ውኃን «አግዋ» ብንለው፥ «ውኃ» ብንለው፥ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክሲጅን መሆኑ አይለወጥም። አንዱን ነገር በሁለት ስም የጠራ ተማሪ ስሙን ከነገሩ ለይቶ ማየት ይጀምራል፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሸመደደ ግን ቃሉን ይዞ ነገሩን ሊያጣው ይችላል።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ከትምህርቱ እንዳትሸሹ እንመክራችኋለን። መምህራኖቻችንንም በአክብሮት የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ የባዕዱን ስም በሰሌዳ ላይ ስትጽፉ፥ አማርኛ ስም ያለውን ድኝንና ባዜቃን በአጠገቡ ጻፉልን። የሰው ቋንቋ ስንማር የራሳችን እንዳይጠፋብን ነው።