ወተትና ቲነር፤ ስለ ኤርብረሽ አያያዝ



በአዲስ አበባ ቀለም ረጪዎች ዘንድ ከቆዩት ልማዶች አንዱ ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣት ነው። ወተት ምግብ ነውና ይጠጣ፤ ነገር ግን ወተቱ የሚወርደው ወደ ጨጓራ ሲሆን፣ የቲነር ትነትና የቀለም ብናኝ የሚገቡት ወደ ሳንባ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ወተት ግን መሣሪያ አይደለም።

ኤርብረሽ እንደ እስክሪብቶ በጣት ተይዞ ቀለምን በታመቀ አየር የሚረጭ ነው። መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ጉዳቱም ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በደምበል ዙሪያ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሄልሜት የሚያስጌጥ ባለሙያ ፊቱን ከሥራው አርቆ ሊሠራ አይችልም፤ የሚተርፈው ጉም የሚመለሰው ወደ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ የከተማው ከፍታ ሊታሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዚህም የተነሣ ቲነር ቶሎ ይተናል፤ በተለይ በደረቁ የበጋ ወራት ጠብታዎቹ ገና በአየር ላይ ሳሉ ይደርቃሉ፣ በመርፌው ጫፍ ላይ ቀለም ይረጋል፣ የተቀባውም ገጽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ግፊቱን ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ቀለሙ ይበልጥ ይደርቃል፣ ጉሙም ይበዛል፤ ሥራውም ሳንባውም አብረው ይጎዳሉ። የሚሻለው ዘግይቶ የሚተን ቲነር መርጦ ቀለሙን ማቅጠን፣ መሣሪያውን ወደ ገጹ ማስጠጋትና ግፊቱን ከ1 እስከ 2 ባር ባለው ውስጥ መያዝ ነው። በክረምት ደግሞ ችግሩ እርጥበት ስለሆነ፣ የኮምፕሬሰሩ ውኃ ማጠራቀሚያ በየዕለቱ ይፍሰስ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የተለመደው የፊት ጭምብል ትነትን አያግድም። የሚያስፈልገው በትነት መምጠጫ ከሰልና በብናኝ ማጣሪያ የተሠራ፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚታሰር ጭምብል ነው። ጢም ካለ አይገጥምም (ይህን መስማት የማይወዱ አሉ)። ከሰሉ ሳይሠሩበትም ስለሚመጥ፣ ጭምብሉ ከሥራ በኋላ በታሸገ ዕቃ ይቀመጥ። ሃርድነር የሚጨመርባቸው የመኪና ቀለሞች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሽታው ሳያስጠነቅቅ አስም ሊያስይዝ ስለሚችል፣ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ በማይቀርብበት ክፍል ሊረጩ አይገባም።

የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ የቡናውም ከሰል ምድጃ የሚቀመጠው ወለል ላይ ነው። ስለሆነም ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ፤ ኤርብረሹም ሲታጠብ ቲነሩ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ እንጂ ወደ ክፍሉ አይረጭ።